የጥር አሥራ ሁለቷ ደብዳቤ

መካነ ሰላም፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ አራጌ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ሳላውቅዎ ጉልበትዎን መጠየቄ አይግረምዎ፤ የሚኒባሱ ሾፌር አድማሴ ደብዳቤዎን ሲሰጠኝ «ራሳቸው ይመጡ ነበር፣ ጉልበታቸው እንቢ ብሏቸው ነው፤ ስልክም አትደውይ፣ ጆሯቸው ደክሟል፣ ስልክ አይሰሙም» ብሎኛል። እኔ ሁዳ ነኝ፣ የማሻ አገር ልጅ። እዚህ ኮሌጁ ውስጥ የኮምፒውተሮቹ ኃላፊ ከሆንኩ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ትቶ ነው የሄደው፤ የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት እየተሳሳትኩ ነው። ለመመለስ አሥራ አንድ ቀን በመዘግየቴ አፉ ይበሉኝ።

«የልጄ የገበየሁ የኢሜይል ሳጥን አለ ወይስ ጠፋ?» ብለዋል። አለ። ወላሂ አለ። ልጅዎ ወደ ዓረብ አገር ከወጣ ሁለት ዓመት ቢያልፈውም ሳጥኑ እንደነበረ ነው፤ የተመራቂዎቹን የነካ የለም። ባለ ኮምፒውተር ሱቁ ፋሩቅ የነገረዎት ወሬም እውነት ነው። ኮሌጁ ሰርቨሩን ሰኔ 30 ቀን ሊዘጋው ነው። አሁን ሰዉ ሁሉ በቴሌግራም ነው የሚላላከው፤ ዲናችን አቶ ይሄነው «ለማን ብለን ነው መብራት የምናቃጥለው?» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ከልጅዎ ሌላ በዚህ ሰርቨር ደብዳቤ የሚደርሰው ሰው ቢኖር እኔ ነኝ፤ ላኪዋም እኔው ነኝ። ጠዋት ጠዋት መሥራቱን ለማየት «ሙከራ» ብዬ ለራሴ እጽፋለሁ፣ ይደርሰኛል፣ አነበዋለሁ፣ አበቃ።

ሰርቨር ምን እንደሆነም ጠይቀውኛል። እዚህ ማንም ጠይቆኝ ስለማያውቅ ደስ ብሎኛል። ሁለት ሠራተኛ ያለበት ግምጃ ቤት ይበሉት። አንዱ በር ላይ ቆሞ የመጣውን ደብዳቤ ይቀበላል፣ የሚወጣውን ይሸኛል፤ ስሙ ፖስትፊክስ ነው። ሌላው ውስጥ ሆኖ እያንዳንዱን በየባለቤቱ ሳጥን ያስቀምጣል፣ ባለቤቱ የይለፍ ቃሉን ይዞ ሲመጣ ያወጣለታል፤ እሱ ዶቭኮት ይባላል። ሁለቱም ፕሮግራም ናቸው እንጂ ሰው አይደሉም። የሠሯቸው ሰዎች አሠራሩን ከነውስጡ ገልጠው «የፈለገ ይውሰድ፣ ያልተመቸው ያስተካክል» ብለው ለቀዋቸዋል። ክፍት ምንጭ ይሉታል፤ እናቴ ብትሰማ ሰደቃ ነው የምትለው።

ድሮ የአንድ ሰው ደብዳቤ ሁሉ ጫፍ ለጫፍ ተቀጥሎ በአንድ ረጅም ፋይል ይቀመጥ ነበር አሉ፤ አንድ ቦታ ከተበላሸ ሁሉም ይበላሻል። የእኛው ግን እያንዳንዷን ደብዳቤ ለየብቻ፣ ራሷን በቻለች ፋይል ነው የሚያኖራት። ሳጥኑም ክፍል ክፍል አለው፤ አንዱ «አዲስ» የሚባለው ነው፣ ያልታየው የሚቆይበት፤ ሌላው የታየው የሚሻገርበት።

በኃላፊነት ቁልፌ፣ ሁሉንም ሳጥን በሚከፍተው የይለፍ ቃል፣ ወደ ልጅዎ ሳጥን ገብቼ ቆጠርኩ። አሥራ አራት ደብዳቤ አለ፣ ሁሉም ከፋሩቅ ሱቅ የተላከ። አንዷንም አላነበብኩም፤ የሰው ደብዳቤ ነው። ቆጥሬ ወጣሁ።

ጤናዎን ያብዛልዎ።
ሁዳ


ወግዲ፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሁዳ፣

ሰላምታዬ ከወግዲ ብርድ ጋር ይድረስሽ፤ ሰላምታውን አስቀሪና ብርዱን መልሺው። ጽሕፈቴ ቢጣመምብሽ አትፍረጂ፤ መሠረተ ትምህርት ያስተማርኩበት እጅ ዛሬ ሞፈር ብቻ ነው የሚያውቅ።

የሁለቱን ሠራተኞች ነገር ለባለቤቴ ለአልታዬ ነገርኳት። «ደመወዝ የማይበሉ ሠራተኞች! አንተም እንደነሱ ዝም ብለህ ብትሠራ» ብላ ሳቀችብኝ። ስትስቅ ካየኋት ቆይቻለሁና አልተቀየምኩም።

እንግዲህ ሳጥኑን የፈለግሁበትን ልንገርሽ። ገበየሁ የመጨረሻ ልጃችን ነው። ከእናንተው ኮሌጅ ተመርቆ ዓመት ተኩል ሥራ ፈትቶ ተቀመጠ። በ2015 መስከረም፣ መስቀል ሳይደርስ፣ ሳይነግረን ወጣ። መንገድ ላይ ሆኖ ወደ ፋሩቅ ሱቅ ኮምፒውተር መልእክት ላከ። «አባዬ፣ ስልኬን ደላሎቹ ይወስዱታል፤ የኮሌጁን ሳጥን ግን ማንም አይወስድብኝም። እዚያ ጻፍልኝ፤ የሰው ስልክ ለምኜም ቢሆን አነበዋለሁ» አለ። በመስከረም፣ በጥቅምት፣ በኅዳር ጻፍኩለት፤ አንድ ሁለት መስመር እየመለሰ «ደህና ነኝ» ይለናል።

በታኅሣሥ አልታዬ በሐሳብ ወድቃ አልጋ ያዘች። እህል አልቀምስ አለች። እኔም ንድድ ብሎኝ ፋሩቅ ሱቅ ሄድኩና «እናትህን የገደልካት አንተ ነህ። ከዛሬ ወዲያ አባቴ ብለህ አትጥራኝ፤ አንተን ወልጄም አላውቅ» ብዬ አስጻፍኩ። ፋሩቅ፣ የተባረከ የእስላም ልጅ፣ እጁን ከመጻፊያው አንሥቶ «ጋሼ፣ ይቺን እንኳ ነገ እንላካት» አለኝ። «የምልህን ጻፍ!» አልኩት። ላካት። በሾፌር የተላከች ብትሆን መናኸሪያ ድረስ ሮጬ እቀማው ነበር። የናንተዋ ግን ጠቅ ስትል ሄደች።

አልታዬ ተነሣች፤ ተመስገን። እኔን ደግሞ ጸጸት ይበላኝ ጀመር። በጥር 12፣ በቃና ዘገሊላ፣ ፋሩቅን ከምሳው አስነሥቼ ሌላ አስጻፍኩ። ይቅር ብዬሃለሁ፣ አንተም ይቅር በለኝ አልኩት፤ አባቴ የመረቀኝን ምርቃት አንዲት ሳላስቀር አወረድኩለት። መልስ የለም። በየወሩ ጻፍኩ። ከዚያ ኔት ጠፋ፣ ዓመት አለፈ፤ ሲመለስ ደግሞ ጻፍኩ። መልስ የለም።

አብሮት የወጣ የጎረቤት ልጅ ተመልሶ «ባሕሩ ላይ በሁለት ጀልባ ከፈሉን፤ የእነሱን ጀልባ ከዚያ ወዲህ አላየሁም» አለ። አገሩ ሁሉ ሞቷል ብሏል። አልታዬ ጥቁር ለብሳለች። ዘመድ «ልቅሶ ተቀመጡ፣ ወጉ ይድረሰው» ይለኛል። እንቢ ያልኩ እኔ ነኝ።

አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልግ። የጥር 12ቷን ደብዳቤ ገበየሁ አንብቧታል ወይስ አላነበባትም? ሞቶም እንደሁ ተመርቆ ይሙት። እርግማኔን ብቻ ይዞ ከሄደ ግን፣ እኔ ምን ብዬ አለቅሳለሁ?

አራጌ


መካነ ሰላም፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ አራጌ፣

ቁጭ ይበሉና ያንብቡት። እማማ አልታዬም አጠገብዎ ይቀመጡ።

ደብዳቤዎ እንደደረሰኝ ሰርቨሩ ክፍል ገባሁ። በዚህኛው ጊዜ ፋይሎቹ የተቀመጡበት ዲስክ ላይ ነው ያየሁት። «አዲስ» የሚባለው ክፍል ባዶ ነው። ባዶ! አሥራ አራቱም ወደታየው ክፍል ተሻግረዋል። የጥር 12ቷ አለች። የዘንድሮዋ የኅዳሯም አለች። የኅዳሯ ከታየች ደግሞ ልጅዎ ከኅዳር ወዲህ ገብቷል ማለት ነው። አንብቧል ጋሼ። በሕይወት አለ፣ አልሐምዱሊላህ!

ብቻዬን ስለነበርኩ አለቀስኩ፤ እዚህ ደስታዬን የምነግረው ሰው አልነበረም። በአድማሴ በኩል «ከማን ጋር ነው የምትኖር?» ያሉኝን እዚሁ ልመልስ። ብቻዬን ነው የምኖረው። አባቴ የሞተው ሥራ በያዝኩ በዓመቱ ነው። ለቅዳሜና እሑድ ማሻ ልሂድ እላለሁ፤ እናቴ ወንድሜ ጋ ገብታለችና የማድርበት ቤት የእኔ አይመስለኝም፣ እቀራለሁ።

ዛሬ ግን የእኔን ይተዉት። እንኳን ደስ አለዎ።

ሁዳ


ወግዲ፣ ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሁዳ ልጄ፣

የማሻ ሰው ክፉ አይንካው! ያስተማረችሽ እናት ትባረክ! ወተት ጠጪ፣ ማር ላሺ፣ ቃልሽ አይጠፍ!

ደብዳቤሽን ለአልታዬ ሳነብላት ከአልጋው ጫፍ ተነሥታ ጥቁሩን ቀሚስ እዚያው አወለቀችው። «ኸረ በር ዝጊ» ብላት «ሰው ይየኝ፣ ልጄ አለ» አለች። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ ቆሜ ለሰዉ ሁሉ ተናገርኩ። ድንኳን ላምጣ ሲለኝ የከረመውን የዕድሩን ዳኛ «ድንኳንህን ለሠርግ አቆየው!» አልኩት። ማክሰኞ በግ አረድኩ። ፋሩቅን «አንተ በእጅህ ባርከህ አርደህ ብላ» ብዬ ለእሱም ሌላ ጠቦት ሰጠሁት፤ መቼስ እነዚያን ሁሉ ደብዳቤዎች የጻፈ እጅ ነው።

ግን አየሽው ይህን ልጅ? እያነበበ ዝም! ቁርጥ እኔን ነው፤ እኔም አባቴን በወጣትነቴ አኩርፌ ሁለት ክረምት አላነጋገርኩትም። በጥር 21 በፋሩቅ በኩል አንዲት ጻፍኩለት። «ማንበብህን ደርሼበታለሁ፤ ለእናትህ አንዲት ቃል ላክ» አልኩት። የከፈታት ዕለት ንገሪኝ። አልታዬ አድማሴ በመጣ ቁጥር መንገድ ላይ ናት።

የብቻሽ መኖርሽን አልወደድኩትም። ማታ የሚያዋራሽ ሰው ከሌለ ለእኔ ጻፊ፤ ወረቀት ጆሮ አያስፈልገውም።

አራጌ


መካነ ሰላም፣ መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ አራጌ፣

እርስዎም ጾም ላይ፣ እኔም ጾም ላይ ነንና አላበዛም። የጥር 21ዷ ደብዳቤ በደንብ ደርሳለች። ገና አልተከፈተችም። ሰው አገር ነው፣ አይመቸው ይሆናል።

ስለዘገየሁ ይቅርታ። መብራት ሲሄድ ሲመጣ ሥራ በዛብኝ። ለእማማ አልታዬ ሰላምታዬን ይንገሩልኝ።

ሁዳ


ወግዲ፣ መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሁዳ፣

ዒድ ሙባረክ። ፋሩቅ ቤት ተጠርቼ ሄጄ ነበር፤ የጾም ስለሆንኩ ንፍሮ አቀረቡልኝ፣ እሱን በልቼ ስለ አንቺ ዱአ አስደረግሁ።

አሁን ወደ ነገሬ። ያች ደብዳቤሽ ሰባት መስመር ናት፤ ቆጥሬያታለሁ። ስለ ሁለቱ ሠራተኞች ሁለት ገጽ የጻፈች ልጅ ለልጄ ጉዳይ ሰባት መስመር! ስለ መብራት የምትነግሪኝ ደግሞ ምን ልሁን ብለሽ ነው? እኔ ቤት መብራት የለም።

ሽማግሌ አይታለልም። አንድ የደበቅሽው ነገር አለ። እኔ ደንቆሮ እንጂ ሞኝ አይደለሁም። ክፉ ወሬ ከኤምባሲ ደረሳችሁ? ሰው ነገረሽ? ያም ሆነ ይህ ጻፊልኝ። እውነቱን የማትነግሪኝ ከሆነ ከእንግዲህ አትጻፊ።

አራጌ


መካነ ሰላም፣ ሚያዝያ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ አራጌ፣

ፋሲካዎን ላለማበላሸት ብዬ እስከ ዛሬ ቆየሁ። እሱም ቢሆን ግማሹ ሰበብ ነው፤ ፈርቼ ነው።

ከኤምባሲ የመጣ ነገር የለም። ማንም የነገረኝ የለም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

የጥር 21ዷ ደብዳቤዎ «አዲስ» ክፍል እንደገባች ቀረች። አንድ ሳምንት፣ ሁለት፣ አምስት ሳምንት። ያለፉትን ሁሉ ያነበበ ልጅ ይህችን ምን ነክቶት ተዋት? ብዬ የፕሮግራሙን መመሪያ ከመጀመሪያው ገጽ ማንበብ ጀመርኩ፤ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ማንበብ የነበረብኝን። ደብዳቤ ከ«አዲስ» ክፍል የሚሻገረው ሲነበብ አይደለም ይላል። ሰው ወደ ሳጥኑ ሲገባ ነው። ማንም ይሁን ማን፣ አንዷንም ባይከፍት፣ ዝርዝሩን ካየ ሁሉም ይሻገራሉ።

በታኅሣሥ ልቆጥር ብዬ የገባሁት እኔ ነኝ። አሻግሬያቸው ወጣሁ፤ በጥር ተመልሼ ክፍሉን ባዶ ሳገኘው «ገበየሁ ነው» አልኩዎ። የራሴን እግር አይቼ ልጅዎ መጣ አልኩ።

በእርግጥ የተነበበች ደብዳቤ ሌላ ምልክት አላት፤ በፋይሏ ስም መጨረሻ ላይ አንዲት ፊደል ትጨመርባታለች። ያን ጊዜ አላውቀውም ነበር። አሥራ አራቱን አንድ በአንድ አየሁ። ምልክቱ ያለባቸው አራት ናቸው። የመስከረሟ፣ የጥቅምቷ፣ የኅዳሯና የታኅሣሧ። የታኅሣሧ ምልክት ያገኘችበት ቀን ተመዝግቧል፤ ታኅሣሥ 27 ቀን 2015፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። የጥር 12ቷ ምልክት የላትም። ከእሷ በኋላ ያሉትም የላቸውም። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ሦስት ቀን ደጋግሜ አየሁ። አልተሳሳትኩም።

ጥቁሩ ቀሚስ፣ ደጀ ሰላሙ፣ በጉ፣ ሁሉም በእኔ ነው። በምን አፌ ይቅርታ እንደምልዎ አላውቅም። ደብዳቤዎ እንደ አባቴ ድምፅ ሆኖብኝ ነበር፤ ያም እንዳይቀርብኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ይኸው እውነቱ፤ አሁን አትጻፊልኝ ቢሉኝ ይገባኛል።

ሁዳ


መካነ ሰላም፣ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ አራጌ፣

አድማሴን «ሰጥተሃቸዋል?» ብዬ ጠየቅሁት። «እዚያው ቆመው አነበቡት፣ አጣጠፉት፣ ኪሳቸው ከተቱት፣ ሳይሰናበቱኝ ሄዱ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ተመልሶ መጥቷል፣ ባዶ እጁን።

መልስ እንዲጽፉልኝ አይደለም። ደህና መሆንዎን ብቻ በቃል ለአድማሴ ይንገሩልኝ።

ሁዳ


ወግዲ፣ ግንቦት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሁዳ፣

ደህና ነኝ፤ ደህና ከተባለ።

ደብዳቤሽን ያነበብኩ ዕለት ልረግምሽ ወረቀት አወጣሁ። ግማሽ ገጽ ያህል ጻፍኩም። ከዚያ ባለፈው ተናድጄ የጻፍኩት ምን እንዳመጣ ትዝ አለኝና ወረቀቱን እሳት ውስጥ ከተትኩት። ስለዚህ ነው አርባ ቀን የቆየሁ፤ ንዴቴ እስኪያድር ነው። አሁን አድሯል። ይቅር ብዬሻለሁ፤ አንቺም ሰባት መስመር ብዬ ስለሰደብኩሽ ይቅር በይኝ።

አልታዬ አታውቅም። በየጠዋቱ «ልጄ ምን አለ?» ትለኛለች። «እያነበበ ነው» እላታለሁ። ጥቁሩን ቀድዳ መጋረጃ አድርጋዋለች፤ ያንን መልሰሽ ልበሺ የሚል አንደበት ከየት ላምጣ? ከአንድ መሶብ እየበላን እኔ ብቻዬን ነኝ። አገሩም እንዲሁ። በመንገድ ሲያገኙኝ «ጻፈ ወይ?» ይሉኛል፤ ጆሮዬ እንዳልሰማ ሆኜ አልፋለሁ። ደንቆሮነቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመኝ።

አሁን የማስበውን ስሚኝ። ታኅሣሥ 27 ልጄ በሕይወት ነበረ። የሰው ስልክ ለምኖ ገባ፤ ገና ሊሆን ሁለት ቀን ሲቀረው ነው፣ ከቤት የእንኳን አደረሰህ ቃል ሊያገኝ ነው። ያገኘው ግን ያችን ነው። ከዚያ ወዲያ አልገባም። ሞቶ ነው ብትዪኝ አልከራከርሽም፤ ባሕር ነው። ግን እኔ የወለድኩትን አውቃለሁ። ልጅ ሆኖ ስቆጣው አጎቱ ቤት ሄዶ ያድር ነበር። ራት ቀርቦ፣ እናቱ ደጅ ቆማ ብትጣራ፣ ድምፃችንን እየሰማ አይመጣም። ሰው ሄዶ እጁን ይዞ ካላመጣው በቀር ሳምንትም ቢሆን አይመጣም።

አኩርፎ ቢሆንስ? ሞቶ እንደሁ አላውቅም፤ በእኔ ማዘኑን ግን አሁን አወቅሁ። ላኮረፈ ሽማግሌ ይላካል፤ ለሞተ ይለቀሳል። እርቁ ሳይሞከር ልቅሶ አልቀመጥም። መጀመሪያ ሽማግሌ እልካለሁ፣ ልቅሶውም ከመጣ እኔን አያጣኝም።

ሽማግሌዬ አንቺ ነሽ። የእስላም ሴት ልጅ፣ ገና ባል ያላገባች፣ ሽማግሌ ሆና ተልካ ታውቃለች ወይ ብትዪ እኔም ሰምቼ አላውቅ። ግን ከልጄ በር ላይ ከአንቺ በቀር የቆመ ሰው የለኝም። የጥር 12ቷን ካሻገርሻት ቦታ ወስደሽ ወደነበረችበት መልሺያት። ያልተነካች ትሁን። የመጣ ቀን፣ የማንንም እጅ ሳታይ፣ እሱ ራሱ ይክፈታት።

የታኅሣሧን ቅደጂልኝ ልልሽ ነበር። ተውኩት። አንብቧታል፤ ፋይሏን ብትቀድጂያት ከሆዱ አትወጣም።

ሰኔ 30 መዝጊያው መሆኑን አልረሳሁም። ዲኑን ለምኚልኝ። ስሜን ጠርተሽ፣ በእግዜር ብለሽ ለምኚልኝ።

አራጌ


መካነ ሰላም፣ ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ አራጌ፣

ሽምግልናውን ተቀብያለሁ። እንደ ወጉ ነጠላዬን አጣፍቼ ሄጄ አቶ ይሄነው ቢሮ ቆምኩ፤ «ምን ሆነሻል? ተቀመጪ እንጂ» ቢሉኝ «የመጣሁበት ጉዳይ ሳይፈጸም አልቀመጥም» አልኩ። ሳቁ። ከዚያ ነገሩን ስነግራቸው ሳቃቸውን ተዉት። መነጽራቸውን አወለቁና «አንድ ሳጥን ምን ያህል መብራት ይበላል?» አሉ። «ምንም አይበላም» አልኳቸው። «እንግዲያው አንድ ብቻ ይቆይ፤ ሌላ ሰው ይዘሽ እንዳትመጪ» አሉኝ።

ትልቁ ሰርቨር ዛሬ በስድስት ሰዓት ጠፋ። ከአገልግሎት ወጥቶ መጋዘን የተጣለ አንድ ኮምፒውተር አውጥቼ ጠራርጌ ፕሮግራሞቹን ጫንኩበት፤ ፈቃድ የሚጠየቅ ባለቤት ስለሌላቸው ያን ማንም አልከለከለኝም። የገበየሁን ሳጥን ብቻ ወደዚያ ወሰድኩ። አድራሻው ያው ነው፣ የይለፍ ቃሉም ያው ነው። የሌሎቹ ሁሉ ተደመሰሰ፣ የእኔም። ሳጠፋው የሚጎድልብኝ መስሎኝ ነበር፤ ውስጡ የነበረው የራሴ «ሙከራ» ብቻ ነው።

የጥር 12ቷን በእጄ መለስኳት። ብቻዋን እንዳትሆን ብዬ ያልተነበቡትን ሌሎቹን ዘጠኝም አንድ በአንድ አስከተልኳቸው፤ የጥር 21ዷ ከመጀመሪያውም እዚያው ናት። ከዚያ የኃላፊነት ቁልፌን ከዚያ ሳጥን ላይ አነሣሁት። ከእንግዲህ ብፈልግም መግባት አልችልም። ከውጭ ሆኖ መቁጠር ግን ማንንም አይነካም፤ በመመሪያው አረጋግጫለሁ፣ ሁለት ጊዜ።

ለእማማ አልታዬ ምን እንደሚነግሯቸው እኔ አልመክርዎም። ብቻዎን ግን አይደሉም፤ ከዚህ አንድ ሰው አብሮዎ እየጠበቀ ነው። ክረምቱ ገባ፣ አድማሴ «መንገዱ ካልተበላሸ» ማለት ጀምሯል፤ ደብዳቤዬ ቢዘገይ አይስጉ። «አዲስ» ክፍሉን ባዶ ያገኘሁት ዕለት አድማሴን አልጠብቅም፤ በጭቃም ቢሆን በእግሬ ወግዲ እመጣለሁ።

ጠዋት ጠዋት ሥራ ስገባ እቆጥራቸዋለሁ። ዛሬም ቆጠርኩ። አሥራ አንድ ናቸው።

ሁዳ